ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ምስር መልቀም

ይህን ያወራሁት ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚህ ባህር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ ነው። ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ኦፕራሲዮን የተሠራን፣ ልንሠራ ነው የሚሉ፣ ሸኝተው የመጡ ቤተሰቦችም ነበሩ። ወንበር አልበቃም። ያልመጡ ሰዎች ጻፊልን ስላሉኝ ጻፍኩት። እንዳወራሁት ነው የተውኩት፤ ያወጣሁት ሳሌን ብቻ ነው።

እንደምን ዋላችሁ! ማይኩን ትንሽ ራቅ ላድርገው መሰለኝ፤ ድምፄ ከእናንተ አልፎ ታንኳ የሚቀዝፉት ሰዎች ጋ እየደረሰ ነው።

እስቲ ትናንት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ዓይናችሁ ፈጦ የነበረ እጃችሁን አውጡ። አትፈሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... በቃ ተውኩት፤ ከግማሽ በላይ ነን። እዚያ ጥግ ያሉት አባት ደግሞ ቀጭን ናቸው፣ ኦፕራሲዮን የተሠሩ አይመስሉም፣ ግን እጃቸውን አውጥተዋል። ወደ እርሳቸው እንመለሳለን።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። «ይቺን ማታ ማታ፣ ይቺን ምግብ ከበሉ በኋላ» ስል ነው የምውለው። የዛሬ ሁለት ዓመት 126 ኪሎ ነበርኩ፤ ከቤቴ ጊዮርጊስ ድረስ በእግሬ መሄድ አቅቶኝ ለአሥር ደቂቃ መንገድ ባጃጅ እይዝ ነበር። አሁን 79 ነኝ። አዲስ አበባ ሄጄ ስሊቭ የሚሉትን ነው የተሠራሁት። ጨጓራውን በቁመቱ ይቆርጡና ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ያወጡታል፤ የሚቀረው እንደ ሙዝ ቀጠን ያለ ቱቦ ነው። ባይፓስ የተሠራችሁም እዚህ አላችሁ፤ የእናንተ ደግሞ ትንሽ ከረጢት ተለይታ ከትንሹ አንጀት ጋር በአቋራጭ ተገጥማለች። ሁለቱም ሌሊት ሌሊት ያስቸግራሉ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ግን ይለያያሉ፤ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ከመሠራቴ በፊት ያልጠየቅኩት ነገር የለም። ስለ ስፌቱ ጠየቅኩ፣ ስለ ፀጉር መርገፍ፣ ስለሚንጠለጠለው ቆዳ፣ ሽሮ መቼ እንደምበላ ሳይቀር። ስለ እንቅልፍ ግን አልጠየቅኩም፣ የነገረኝም የለም። እንዲያውም ኪሎው ሲወርድ ማንኮራፋቴ ይቀራል፣ እንቅልፍ እጠግባለሁ ብዬ ነው የሄድኩት።

ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። «እንቅልፍ አጣሁ» ብላችሁ አትቁሙ። ስንት ሰዓት ላይ? አልጋ ስትገቡ ነው እምቢ የሚላችሁ ወይስ ከተኛችሁ በኋላ ነው የሚቀሰቅሳችሁ? ስትነቁ ጉሮሯችሁን ነው፣ እግራችሁን ነው፣ ልባችሁን ነው? ከኦፕራሲዮናችን በኋላ የሚመጣው እንቅልፍ ማጣት አንድ በሽታ አይደለም፤ አምስት ስድስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው አንድ አልጋ ላይ አብረውን የሚያድሩት። ሰዓቱን ካልያዛችሁ የትኛው እንደነካችሁ አታውቁም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት ቶሎ ልለፋቸው። ያኔ አለመተኛት ያለ ነው። በትንንሽ ቀዳዳ ሲሠሩን ሆዳችንን በጋዝ ነፍተው ነው፤ ጋዙ ከሆድ በላይ ያለውን ድያፍራም ስለሚያስቆጣ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይወጣል። እኔ «የተሠራሁት ሆዴን፣ የሚያመኝ ትከሻዬን» እያልኩ አልቅሻለሁ። ሦስት ትራስ ደራርቤ፣ ግማሽ ተቀምጬ ነው ያደርኩት። ቀን ወዲያ ወዲህ ማለት ያቀለዋል፣ በቀናት ውስጥም ይለቃል። ነገር ግን ትንፋሽ ካጠረ፣ ልብ ያለ ምክንያት ከሮጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም አንድ እግር አብጦ ካመመ፣ እሱ የእንቅልፍ ጉዳይ አይደለም። የደም መርጋት ወይም ከስፌቱ ማፍሰስ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ሲሆን ይንጋ ተብሎ አይጠበቅም፣ በሌሊት ወደ ሐኪም ነው።

የኔ ጉድ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛው ወር ላይ። 3 ሰዓት ላይ አልጋ ውስጥ እገባለሁ፣ እገላበጣለሁ፣ 7 ሰዓት ይሆናል። ትንሽ ሸለብ ያደርገኝና ልክ 8 ሰዓት ሲል ሰው እንደጠራኝ ብድግ። ከዚያ እስኪነጋ ጣራ ላይ ማፍጠጥ። ጠዋት ሥራ ገብቼ አንዱን የሐኪም ማዘዣ ሦስት ጊዜ ነው የማነበው፣ ተሳስቼ ሰው እንዳልጎዳ።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ለሰው አታድርጉ የምለውን። ከመደርደሪያዬ እንቅልፍ የምታመጣዋን የአለርጂ ክኒን አንስቼ ዋጥኩ። የመጀመሪያ ቀን ሠራች። ሦስተኛው ቀን ላይ እግሬ ጀመረኝ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ሕመም አይደለም፤ ቅልጥሜ ውስጥ ጉንዳን የሚሄድ ነው የሚመስለው። ካላወራጨሁት ላብድ ነው። ስነሳና ስራመድ ይተወኛል፣ ጋደም ስል ይመለሳል። ባለቤቴ «ብስክሌት ስትነጂ ነው የምታድሪው» አለኝ። የባህር ዳር ልጅ ስለሆነ ብስክሌት ነው የታየው።

ይህ ነገር እረፍት የለሽ እግር ይባላል። ከትልልቅ መነሻዎቹ አንዱ የብረት እጥረት ነው። እኛ ደግሞ ብረት ይጎድለናል፤ ምግቡ ያንሳል፣ ሥጋ አይወርድልንም፣ የጨጓራ አሲድ ይቀንሳል፣ ባይፓስ ላይ ደግሞ ብረት በዋናነት የሚመጠጥበት የአንጀት ክፍል ጭራሽ ይታለፋል። ያቺ የአለርጂ ክኒን ደግሞ እንቅልፍ ታምጣ እንጂ ይህን እግር ታባብሰዋለች። ይህን ለደንበኛ ዓይኔን ጨፍኜ እናገረዋለሁ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ፣ በራሴ እግር ላይ ሲሆን ግን አልታየኝም።

ደም ተመረመርኩ። «ሄሞግሎቢንሽ ደህና ነው፣ የደም ማነስ የለብሽም» ተባልኩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወረቀቱን አጥፎ ቤቱ ይገባል። እኔ ፌሪቲን ይጨመርልኝ አልኩ። ሄሞግሎቢን መሶቡ ውስጥ ያለው እንጀራ ነው በሉት፣ ፌሪቲን ጎተራው ውስጥ ያለው ጤፍ። መሶቡ ሙሉ ሆኖ ጎተራው ሊራቆት ይችላል። የኔ ጎተራ ተጠርጎ ነበር። ሐኪሙ ብረት አዘዘልኝ፤ እግሬ አደብ እስኪገዛ ግን ሁለት ወር ገደማ ፈጅቷል። በነገራችን ላይ የብረት ክኒን ከሻይና ከቡና ጋር አይስማማም፣ ከካልሲየም ክኒንም ቢያንስ 2 ሰዓት አራርቁት። ሁሉንም ቫይታሚን አንድ እፍኝ አድርጋችሁ ጠዋት ላይ የምትገምጡ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ፣ ከኔ ነው የምትገዙት። ደግሞም ሳትመረመሩ ብረት አትጀምሩ፤ ሲበዛም ይጎዳል።

ከዚያ በኋላ ነው ደብተር የያዝኩት። የልጄ የሂሳብ ደብተር፣ ከጀርባው ያልተጻፈበት ገጽ ነበረው። በየጠዋቱ ምን እንደበላሁ፣ ምን እንደጠጣሁ፣ መቼ እንደተኛሁ፣ መቼ እንደነቃሁ በግምት እጽፋለሁ። በግምት ያልኩት ሌሊት ሰዓት እያዩ መጻፍ ራሱ እንቅልፍ ስለሚያባርር ነው። ይኸው፣ ይዤው መጥቻለሁ፦

«ማክሰኞ። ጎረቤት ቡና 11 ሰዓት፣ ሦስቱንም። እንቅልፍ የወሰደኝ 7 ተኩል።»

«ሐሙስ። ቡና ጠዋት ብቻ። 5 ሰዓት ተኛሁ። 8 ላይ ነቃሁ፣ ማድቤት ሄድኩ።»

«እሁድ። ተዝካር። በሞቴ ተብዬ ጎረስኩ። 6 ሰዓት ላይ ቃር፣ ጉሮሮዬ ነደደ።»

ሁለት ሳምንት ጻፍኩ። ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። አንድ ትልቅ ጭራቅ አለ ብዬ ስፈራ፣ ያገኘሁት በየሰዓቱ ተራ የሚገቡ ትንንሽ ሌቦችን ነው።

ከቡናው ልጀምር። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ሰው ከሰው ይለያያል እንጂ። 11 ሰዓት ላይ የጠጣሁት ቡና ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ደሜ ውስጥ አለ። በረካ ቀጭን ናት ብላችሁ አትሸወዱ፤ እሷም ቡና ናት። ችግሩ ማቆሙ አልነበረም፣ እትዬ ነበሩ። ጎረቤቴ ናቸው፤ የዘጌ ቡና ነው የሚያፈሉት፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ ጭሱ ግቢውን ሲሞላው እምቢ የሚል አንጀት የለኝም። አንድ ቀን አልጠጣም ብል «ምነው፣ ቡናዬን ናቅሽው?» አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «እንዲህ ከሆነማ ጠዋት እናፈላለን» አሉ። አሁን ከአገልግሎት ሰዓቴ በፊት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው የምንጠጣው፣ የግቢው ሰው ሁሉ ተቀይሯል።

ስምንት ሰዓቷ ግን ከበደችኝ። ቡና በሌለበትም፣ ቃር በሌለበትም እነቃለሁ። አንድ ሌሊት ራሴን ፍሪጅ ፊት ቆሜ አገኘሁት። ማንኪያ ይዣለሁ። የፍሪጁ መብራት ፊቴ ላይ ነው፣ ወለሉ ባዶ እግሬን ያቀዘቅዘኛል፣ የትናንት ምስር ወጥ በትንሽ ሳህን አለ። አልራበኝም። አንድ ማንኪያ ብጨምር እንደማይገባ አውቃለሁ። ግን ቆሜያለሁ። ያኔ ነው የገባኝ፤ እኔ ለአሥራ ምናምን ዓመት በየሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተነስቼ ስበላ ነው የኖርኩት። ፍርፍር፣ የተረፈ ጥብስ፣ ዳቦ በማር። ልጆቹ ከተኙ፣ ባለቤቴ ከተኛ፣ ማንም ሳያየኝ። ቀን ያናደደኝን ሁሉ ማታ የምውጠው በዚያች ሰዓት ነበር። ሐኪሙ ጨጓራዬን ቆረጠው። ሰዓቷን ግን አልቆረጣትም፤ ሰዓቷ እንደ ድሮዋ ትመጣለች፣ መጥታ የምትበላው ታጣለች።

ከዚህ ጋር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የምንበላው በጣም ትንሽ ነው። የተራበ እንስሳ አይተኛም፣ ምግብ ፍለጋ ይነቃል። አእምሮ ውስጥ ኦሬክሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ንቁ የሚያደርገን እሱ ነው፣ ረሃብ ሲኖር ደግሞ ይበረታል። ስለዚህ ሆዳችሁ ጠግቦም ቢሆን ሰውነታችሁ «ድርቅ ገብቷል፣ ተነሱ» ሊል ይችላል። የሚረዳው ማታ መብላት አይደለም፣ ቀን የሚገባችሁን መብላት ነው። በተለይ ፕሮቲን፤ አብዛኞቻችን በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ነው የተባልነው። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ እዚህ ከሐይቁ ይወጣል፣ እንቁላል አለ፣ እርጎ አለ። በጾም ደግሞ ሽምብራ፣ ምስር፣ አኩሪ አተር። ምግብ ሳይቀምሱ እስከ 9 ሰዓት መቆየቱን በተመለከተ የንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ። እኔ አነጋግሬያለሁ፣ የመለሱልኝ «ልጄ፣ መድኃኒትሽን ዋጪ፣ የታዘዝሽውን ብይ» ብለው ነው። ሳይጠይቁ በራሳቸው ጨክነው ጾመው፣ ማታ ማታ ራሳቸውን የሚያዞራቸው ሰዎች አውቃለሁ።

ቃሩ ላይ ብዙ አልቆይም። ስሊቭ የተሠራን ሰዎች ቃር ይበረታብናል፤ ጨጓራው ጠባብ ቱቦ ስለሆነ ግፊቱ ወደ ላይ ነው። እራት ከመተኛታችሁ 3 ሰዓት በፊት ይጠናቀቅ። ፍራሹን በራስጌ በኩል ከፍ አድርጉት፤ እኔ በራስጌ ባሉት የአልጋው እግሮች ስር ብሎኬት አስገብቻለሁ፣ ትራስ መደርደር አንገት ነው የሚያጣምመው። በግራ ጎን መተኛት ይረዳል። ቃሩ በየማታው ከሆነ ግን ብሎኬት አይበቃም፣ ሐኪም ይየው። በሞቴ ለሚሏችሁ ደግሞ ምን እንደምትመልሱ አላውቅም። እኔ ጉርሻውን ተቀብዬ ለልጄ አጎርሳለሁ።

ባይፓስ ለተሠራችሁ የምለው ይህን ነው። አንዲት ጓደኛዬ ማታ ማታ ላብ በላብ ሆና፣ ልቧ እየመታ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ትነቃለች። ዱካክ ነው ተባለች፣ ጠበልም ሄደች። ደብተር ያዢ አልኳት። ለካ ከመተኛቷ በፊት አንድ ብርጭቆ ብርዝ ትጠጣለች፤ ከማር የተሠራ ስለሆነ ለጤና ጥሩ ነው ብላ። ጣፋጭ ነገር ባይፓስ በሆነ ሰው አንጀት ውስጥ ዱብ ይላል፣ ስኳሩ በፍጥነት ይወጣል፣ ሰውነት ኢንሱሊን ያበዛል፣ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስኳሩ ቁልቁል ይወርዳል። ብርዙን ተወችው፣ ሐኪሟም ስኳሯን ለካላት። ጠበሉን አልተወችም፣ እኔም ተይ አላልኳት።

ውሃ። በአንድ ትንፋሽ መጠጣት ስለማንችል ቀን ላይ እንረሳውና ማታ ላይ እናካክሳለን። ከዚያ ሌሊቱን ሽንት ቤት፤ ያውም አጎበሩን ገልጦ፣ ትንኝ አስገብቶ። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከጎናችሁ አድርጉ፣ ቀኑን ሙሉ እየሞላችሁ ፉት ፉት በሉ፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ የቀኑ ውሃ አብዛኛው ያለቀ ይሁን።

ብርድም አለ፤ ስብ ሲሄድ ልብሳችን ነው የሄደው። ሰው በግንቦት ሙቀት መስኮት ከፍቶ ሲተኛ እኔ ካልሲና ጋቢ ነበርኩ። አጥንቴ ፍራሹን መውጋት ሲጀምር ደግሞ ጉልበቶቼ መሃል ትራስ ማድረግ ለመድኩ።

አሁን የማይወደደው ነገር። ጫት። እዚህ ከተማ ላይ አለማንሳት አይቻልም። አንዳንድ ልጆች ኦፕራሲዮኑን ተሠርተውም ይቅማሉ፣ «ምግብ ይዘጋልኛል» ይላሉ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እንደ አምፌታሚን ነው የሚያነቃው። ይቅማሉ፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ከዚያ ለመተኛት ጨብሲ። መጠጡ ደግሞ እኛን እንደ ድሮው አይደለም የሚይዘን፤ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አልኮል በፍጥነት ደም ውስጥ ይገባል፣ በጥቂቱ ያሰክራል፣ ወደ ሱስ የመግባት አደጋውም ይጨምራል፣ በተለይ ባይፓስ ላይ። አልኮል ያስተኛል፣ እውነት ነው። ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ግን ይቀሰቅሳል። ጠጅም ያው ነው፣ አረቄም ያው ነው።

ለመድኃኒቱም በዚያው። ዳያዜፓም ስጪኝ እያላችሁ የምትለምኑኝ አላችሁ። ያለ ማዘዣ አልሰጥም፤ ብትቆጡም። ሰውነት ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል፣ ይለመዳል፣ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ለሚቋረጥበት ሰው ደግሞ አደገኛ ነው። ራሳችሁን ሲያማችሁ ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን አትግዙ፤ በተለይ ባይፓስ ላይ ቁስለት ያመጣሉ። ቀስ ብለው የሚሟሙ ክኒኖች ከባይፓስ በኋላ እንደሚገባው ላይሠሩ ይችላሉ፣ ስለዚህ ድሮ የምትወስዱት የድብርት ወይም ሌላ መድኃኒት ካለ ለሐኪሙ አሳዩት፣ ራሳችሁ አትፍጩት።

እሺ፣ ሌቦቹን አንድ በአንድ ያዝኳቸው። ግን እንቅልፉ ወዲያው አልመጣም። ምክንያቱም ለወራት አልጋ ላይ ስፈጥጥ ስለነበር አልጋውን ራሱን ፈርቼው ነበር። ሳሎን ሶፋው ላይ እያንቀላፋሁ፣ አልጋ ውስጥ ስገባ ዓይኔ ይበራል። በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሌሊት፣ ለሦስት ወር ከቀጠለ ሥር ሰዷል ይባላል። የኔ ሥር ሰድዶ ነበር። ለዚህ ከክኒን በፊት የሚመከረው የጠባይ ሕክምና ነው፤ የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅም በፈረንጆቹ 2016 ይህንኑ ነው ያለው። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ሲያደርጉት ግን ያስጠላል።

ከምሽቱ 3 እስከ ጠዋት 12፣ 9 ሰዓት አልጋ ላይ እሆናለሁ። እንቅልፍ የሚወስደኝ ግን በድምሩ 5 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰዓት መጠባበቂያ ጨምሬ፣ አልጋ የምገባው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ፣ የምነሳው 12 ሰዓት ላይ እንዲሆን አደረግኩ። ብተኛም ባልተኛም 12 ላይ እነሳለሁ። ቀን እንቅልፍ የለም። የመጀመሪያው ሳምንት ገሃነም ነው፤ 4 ሰዓት ላይ ቆሜ አንቀላፍቻለሁ። ባጃጅ የምትነዱ ሰዎች ይህን ብቻችሁን አትሞክሩት፣ የሚጥል በሽታ ያለበትም እንዲሁ፤ ማንም ቢሆን አልጋ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ከ5 ሰዓት በታች አይውረድ። ሁለተኛው ደንብ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ከመሰላችሁና ካልተኛችሁ ከአልጋው ውረዱ። አልጋ የእንቅልፍ ነው እንጂ የሐሳብ አይደለም። ስልክ አይነካም፣ ደማቅ መብራት አይበራም፣ ማድቤት አይኬድም። እኔ ምን ላድርግ? ጸሎት አደረስኩ። ከዚያስ? ገና ሌሊት ነው።

ምስር ለቀምኩ። ሳሎን ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጬ፣ ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በደብዛዛ መብራት። አንድ ጠጠር፣ አንድ የተሰበረ፣ አንድ ጠጠር። ከዚህ የበለጠ የሚያሰለች ሥራ በዓለም ላይ የለም። እጅን ይይዛል፣ አፍን አይነካም፣ ሐሳብን ያደክማል። 8 ሰዓቷ ስትመጣ ማንኪያ ሳይሆን ሰፌድ ነው ያገኘችው። ዓይኔ ሲከብድ እነሳና እተኛለሁ፣ ካልተኛሁ እመለሳለሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መኝታዬን በ15 ደቂቃ በ15 ደቂቃ ወደኋላ እየሳብኩ አመጣሁት። አሁን 5 ሰዓት ላይ እተኛለሁ። አልፎ አልፎ እነቃለሁ። እናቴ «በከተማው ጠጠር የሌለበት ምስር የሚበላው የናንተ ቤት ብቻ ነው» ትላለች።

አንድ የቀረ አለ፣ ደብተሩ ላይ ያልጻፍኩት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የምነቃባቸው ሌሊቶች ነበሩ፤ ቃርም፣ እግርም የሌለባቸው። ኦፕራሲዮኑን ደብቄ ነበር የተሠራሁት። ለዘመድ «ጨጓራዬን አሞኝ ነው» ነበር ያልኩት። እኛ አገር የወፈረ ተመችቶታል፣ የከሳ ታሟል ነው። ገበያ ላይ የሚያየኝ ሁሉ «ምነው፣ ምን ነካሽ?» ይላል፣ ዞር ስል ደግሞ ሹክሹክታ። ማን ምን አለ፣ ለማን ምን ዋሸሁ፣ ነገ ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ እያልኩ ነው የማነጋው። ይህ ያበቃው አንድ እሁድ ለእናቴና ለእህቶቼ የነገርኳቸው ቀን ነው። ተቆጡኝ፣ አለቀሱ፣ ከዚያ ጠባሳዬን አሳዪን አሉ። ሁላችሁም ተናገሩ አልላችሁም። ግን ለአንድ ሰው። በተለይ የምታድሩበት ሐሳብ «መኖር አስጠላኝ» የሚል ከሆነ፣ ያኔውኑ ሌሊት ሰው ቀስቅሱ፣ ጠዋት ሐኪም ጋ ሂዱ። ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ ድብርት የሚጠናባቸው ሰዎች አሉ፣ ኪሎው በደንብ እየወረደ ሳለ።

በቃኝ። ጥያቄ ካለ።

አንዲት ልጅ፣ ከተሠራች ሁለት ወር የሆናት፣ በየቀኑ እንደሚያስመልሳትና እንቅልፍ እንደሌላት ነገረችን። ከስብሰባው በኋላ አልኳት ለብቻዋ፣ እዚህም ልድገመው፤ ማስመለሱ ከቀጠለ እንቅልፉን ተዪው፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ ሐኪም ጋ ሂጂ። ቫይታሚን ቢ1 በፍጥነት ያልቃል፣ ሲያልቅ ዓይንና ሚዛን ይነካል፣ አእምሮም ያውካል። በባጃጅ ሸኘናት።

ከዚያ ጥግ ያሉት አባት ተነሱ።

«እኔ አልተሠራሁም። የተሠራችው ባለቤቴ ናት፣ ይቺው» አሉ። አጠገባቸው ያሉት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ሠላሳ ዓመት አንኮራፍታለች። እኔ በማንኮራፋቷ ነበር የምተኛው። አሁን ዝም አለች። ዝም ስትል ሞተች እያልኩ እነሳለሁ። እጄን አፍንጫዋ ላይ አድርጌ ትንፋሿን እሰማለሁ። ይህስ መድኃኒት አለው?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን ጥያቄያቸውን ወደድኩት። ማንኮራፋት ሲቆም ትንፋሽ መቋረጡም ቆመ ማለት ሁልጊዜ አይደለም። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሲፓፕ የሚሉት የትንፋሽ ማሽን ታዝዞላቸው እንደነበር ጠየቅኳቸው። ታዝዞ ነበር፤ ኪሎ ሲወርድ በራሳቸው ትተውታል። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ክብደት ሲቀንስ በሽታው በጣም ይሻላል፣ አንዳንዱ ላይ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ማሽኑ የሚተወው ወይም ግፊቱ የሚስተካከለው ዳግመኛ ተመርምሮ ነው። እንዲያስመረምሯቸው ነገርኳቸው። እስከዚያው ደግሞ ትንፋሽ ቆም ብሎ እንደ መታነቅ የሚል ድምፅ ከሰሙ ይጻፉት አልኳቸው።

«እኔም እኮ እጄን አውጥቼ ነበር» አሉ እናት፣ ነጠላቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔም አልተኛም።»

«ምንድን ነው የሚቀሰቅስዎት?»

«የሳቸው እጅ ነዋ!»

«ስንት ሰዓት ላይ?» አልኳቸው።

«8 ሰዓት ላይ።»